ከሥዕለ አድኅኖው ጀርባ የተቀመጠው ሲዲ

ላፕቶፕ ልገዛ የሄድኩ ቀን፣ ሻጩን መጀመሪያ የጠየቅኩት ሲዲ የሚገባበት በየት በኩል ነው ብዬ ነበር። ዕቃው እጄ ላይ ነው። በግራ ጎኑ አየሁ፣ በቀኝ ጎኑ አየሁ፣ ገልብጬም አየሁት። ከጸሎት መጽሐፌ የቀጠነ ነው፤ ጎኑ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ ሌላ ምንም የለም። ሻጩ ትሑት ሰው ስለሆነ አልሳቀብኝም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አብዛኞቹ ያለ እሱ እንደሚመጡ፣ ቀጭንና ቀላል እንዲሆኑ ሲባል እንደወጣ፣ ደግሞም የሚሽከረከር ነገር ከሁሉ ቀድሞ እንደሚበላሽ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። የግድ ካስፈለገኝ ለብቻው የሚሸጥ፣ በገመድ የሚሰካ አለ አለኝ።

ልጄ ከጎኔ ቆማለች። "ማሚ፣ ሲዲ አሁን ማን ይጠቀማል? ኤቭሪቲንግ ኦንላይን ነው።"

"እኔ እጠቀማለኋ።"

"መቼ?"

ድሮ ቢሆን ብዙ እል ነበር። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ በቤተ ክርስቲያኑ በር የመዝሙርና የስብከት ሲዲ የተደረደረበት ጠረጴዛ ነበር፤ አንድ ሳልይዝ ቤቴ አልገባም ነበር። ሥራ ቦታ ቀድሜ ከደረስኩ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስብከት እሰማለሁ። ቤት ሳበስል ኮምፒውተሩ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ መዝሙር ያሰማኛል። በኋላ መኪናዬን ስቀይር አዲሱ መኪና ሲዲ የሚገባበት አልነበረውም። ቀጥሎ ጠረጴዛው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ተነሣ፤ ስብከቱም መዝሙሩም ስልክ ውስጥ ገባ። ሲዲ ቀርቷል ብሎ ያወጀ ሰው የለም። እኔም መቼ እንደተውኩት አላውቅም።

ስለዚህ ገዛሁት። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሆቴል ውስጥ የክፍል አጽጂዎች ተቆጣጣሪ ነኝ፤ አሠሪዎቼ በየጊዜው በኮምፒውተር የሚወሰድ ትሬኒንግ ይልኩልኛል። ለዚያ ሲዲ አያስፈልግም፤ ሻጩ ልክ ነው፣ ልጄም ልክ ናት።

አሮጌውን ግን አልጣልኩትም። የሚሠራ ነገር መጣል ደስ አይለኝም፤ እናቴም እንዲያ ነበረች። ጠርጌ፣ ገመዱን ጠቅልዬ፣ በትራስ ልብስ ውስጥ ከትቼ አልጋዬ ሥር አስገባሁት። ልጄ አይታኝ "ማሚ ሆርደር ሆነች" አለች። ቃሉን አላውቀውም ነበርና በኋላ ትርጉሙን አየሁት፤ የማይረባውን ሁሉ የሚያጠራቅም ማለት ነው፤ አልወደድኩትም።

የክርስትና እናቴ እዚሁ ቅርብ፣ በባቡር የሚደረስበት አሌክሳንድሪያ ይኖራሉ። በሥጋ አንዛመድም፤ ሰፈራችን አንድ ስለነበረ ክርስትና ያነሡኝ እሳቸው ናቸው። ወልደው ካሳደጓቸው የቀረው አንድ ወንድ ልጅ አመጣቸውና አብረው ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ናቸው፤ እሱ ሳሎን ይተኛል። ታክሲ ስለሚነዳ ቀን አይገኝም። ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸውና የሚያስተረጉምላቸው ሰው ሲያስፈልግ፣ እኔ ከሥራ ኦፍ በሆንኩበት ቀን ቀጠሮ እናስይዛለን። እማማ ነው የምላቸው፤ ሁሉም ሰው እማማ ነው የሚላቸው።

ላፕቶፑን በገዛሁበት ዓመት ብርዱን ሙሉ ሲያስሉ ከረሙ። ዐቢይ ጾም ሲገባም ሳሉ አልተዋቸውም። ሐኪሟ ሲቲ ስካን አዘዘችላቸው፤ ውጤቱን ልንሰማ አብረን ገባን። በቀኝ ሳንባቸው ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ነገር ታይታለች። ምን እንደሆነች ከፎቶው ብቻ ማወቅ አይቻልም አለች ሐኪሟ። ጠባሳ ልትሆን ትችላለች፣ ክፉ ነገርም ልትሆን ትችላለች። ለማወቅ በጀርባ በኩል ረጅም መርፌ አስገብቶ ከእሷ ቆንጥሮ ማውጣት ያስፈልጋል። እማማ ደግሞ የደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል። ሊደሙ ይችላሉ፣ ሳንባቸውም አየር ሊያፈስ ይችላል፤ ሐኪሟ አንዱንም አልደበቀችም፤ እኔም አንዱንም ሳልቀንስ ተረጎምኩላቸው።

እማማ ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ ሰብስበው አዳመጡ። ሲጨርሱ ለሐኪሟ ሳይሆን ለእኔ ተናገሩ።

"ሰውነቴን እንደተሰጠኝ አድርጌ ብመልሰው ነበር ደስታዬ። በመርፌ ተወግቼ እዚህ አልጋ ላይ ባልቀር።"

ይህን እንዴት እንደምተረጉመው ሳስብ ሐኪሟ ሌላ ጥያቄ ጠየቀች። ከዚህ በፊት ደረታቸውን የተነሡት ፎቶ አለ ወይ? ያኔም ይቺ ነገር ከነበረችና እስካሁን ካላደገች ጠባሳ ናት ማለት ነው፤ መርፌውን ትተን በዓመት አንዴ ማየት ብቻ ነው።

ስተረጉምላቸው እማማ ቀና አሉ። አገር ቤት እያሉ ክፉኛ የሳንባ ምች ታመው ተኝተው ነበር። ያኔ እንዲህ ያለ ዋሻ መሳይ መኪና ውስጥ አስገብተው ደረታቸውን ፎቶ አንሥተዋቸዋል፤ ሲወጡም ሲዲ ተሰጥቷቸዋል። ወደዚህ ሲመጡ ሻንጣ ውስጥ አልከተቱትም፤ በእጅ ቦርሳቸው ይዘውት ነው የመጡት። እቤት አለ።

ሐኪሟ ደስ አላት። ደስታው ግን እንግዳ መቀበያው ጋ ስንደርስ ቀዘቀዘ። ተቀባይዋ ሴት ሲዲ አንቀበልም አለችን። ቢሮው ሲታደስ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ተቀይረዋል፤ አንዱም ሲዲ አያስገባም። በስልኬ ሊንክ ትልክልኛለች፤ ፎቶውን ከቤቴ በዚያ እጭናለሁ። መርፌው ለረቡዕ ተይዟል። ከዚያ በፊት ፎቶው ከደረሰና ሐኪሟ ካየችው ነገሩ ይለወጣል፤ ካልደረሰ ግን ቀጠሮው አይነሣም።

የዚያን ዕለት የሳቅኩት በልቤ ነው። ሲዲ ማን ይጠቀማል ብላኝ የለ ልጄ?

የእማማ ልጅ ስልክ እንጂ ኮምፒውተር የለውም። ወደ ቤታቸው ወሰድኳቸው። መኝታ ቤታቸው ምሥራቁ ግድግዳ ላይ የእመቤታችን ሥዕለ አድኅኖ አለ፣ መጋረጃ ተደርጎለታል። እማማ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ከሥዕሉ ጀርባ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡና በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

"በደንብ ነው ያስቀመጥኩት" አሉ። "እንዳይወድቅብሽ።"

መኪናዬን ያን ቀን ለልጄ ትቼላት ነበርና፣ ቢጫውን የባቡር መስመር ይዤ፣ መሀል ከተማ ወደ ቀዩ ቀይሬ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ እንደያዝኩ ተጓዝኩ። ጨርቁን አልፈታሁትም።

ቤት ደርሼ አሮጌውን ላፕቶፕ ከአልጋው ሥር አወጣሁት። ትንሽ አቃሰተና ተነሣ። ቁልፉን ስጫነው መሳቢያው ብቅ አለ፤ ውስጡ ሌላ ሲዲ አለ። ልጄ ሰንበት ትምህርት ቤት በነበረችበት ዘመን የምታዳምጠው የሕፃናት መዝሙር ነው። እሱን ወደ ጎን አደረግኩና የእማማን ከጨርቁ ፈትቼ፣ ጽሑፉን ወደ ላይ አድርጌ አስቀመጥኩት። መሳቢያውን ገፋሁት። ዞረ፣ ተንጫጫ፣ ዝም አለ። እንደገና ዞረ። ከዚያ እባክዎ ሲዲ ያስገቡ የሚል መልእክት መጣ።

አውጥቼ መስኮቱ ጋ ወሰድኩት። የሚያብረቀርቀው ፊቱ አያብረቀርቅም። ግራጫ ነገር ደርቆበታል፤ ከመሀሉ ወደ ዳር በአውራ ጣት የተሳበ መስመር፣ በላዩ ሌላ መስመር፣ በላዩ ደግሞ ሌላ። የደረቀ የውኃ ጠብታ ክብ ክብ ሠርቶበታል። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። አወቅኩት። እምነት ነው፤ ከጸበል ቦታ የሚመጣው፣ በጸበል በጥብጠን ግንባራችንንና ያመመንን ቦታ የምንቀባው አመድ መሳይ አፈር።

እማማ ጋ ደወልኩ።

"እማማ፣ ሲዲውን ምን አድርገውት ነው?"

"ምን አደርገዋለሁ? ቀባሁት።"

ነገሩን አስረዱኝ። ሐኪሟ ደረታቸውን ፎቶ ያዘዘችላቸው ዕለት የጀመሩት ነው። ጠዋት ጸሎታቸውን አድርሰው ደረታቸውን እምነት ሲቀቡ ከሥዕሉ ጀርባ ያወጡትና እሱንም ይቀቡታል፣ ጸበል ይረጩታል፣ ሲደርቅ ጠቅልለው ይመልሱታል።

"ደረቴ እኮ እዚህም አለ፣ እዚያም አለ" አሉኝ። "እኔን ቀብቼ እሱን ልተወው?"

ኮምፒውተሩ በዚያ ምክንያት ማንበብ እንዳልቻለ ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። መጠረግ አለበት አልኳቸው።

"ጸሎቴን ልትጠርጊው ነው?"

ተቆጥተው አይደለም የተናገሩት። እየጠየቁኝ ነው። የንስሐ አባቴን ልጠይቅ አልኳቸው። ጠይቂ አሉኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን በወረቀት ጠርጎት፣ ወረቀቱን ጥሎት ነገሩ ያልቅ ነበር። እኔ ግን እምነት ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አልጥልም፣ የእቃ ማጠቢያ ቧንቧ ውስጥም አልደፋም። ከዚያም በላይ የአንዲት የታመመች እናት የየጠዋት ጸሎት ነው፤ ብናኙ ገና ጣቴ ላይ ነበር። ሳላስፈቅድ ባጠፋውና ረቡዕ ክፉ ቢሰማ፣ እሳቸው ጥፋቱ ያንቺ ነው ባይሉኝም ለራሴ እለዋለሁ።

የንስሐ አባቴ በቀን ፓርኪንግ ይሠራሉ። በምሳ ሰዓታቸው እንደሚያነሡ ስለማውቅ ያኔ ደወልኩላቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ መርፌውንም፣ ሊንኩንም፣ ሥዕሉንም። ሳያቋርጡ ሰሙኝና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

"የሚነበበው በየትኛው ፊቱ ነው?"

"በሚያብረቀርቀው፣ አባ።"

"የቀቡትስ?"

"እሱኑ ነው።"

"ይታጠብ እንግዲህ" አሉ። "እምነቱ የተሰጠው ለእሳቸው ነው፣ ለፕላስቲኩ አይደለም። ጸሎታቸው እንደሆነ ደርሷል፤ የምታጥቢው አፈሩን ነው። ውኃውን ሰው በማይረግጠው ቦታ ድፊው። እሳቸውን ሳታስፈቅጂ ግን እንዳታጥቢ።" ከኋላቸው የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። "መጡብኝ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ" ብለው ዘጉት።

እማማ አባ ያሉትን ስነግራቸው እሺ አሉ። ቀጥለው ግን ውኃውን አምጪልኝ አሉኝ፤ ይጠጡታል። ፕላስቲክ የታጠበበት ውኃ አይጠጣም፣ ሆድዎን ያሞዎታል ብዬ ለመንኳቸው።

"ደረቴ የታጠበበት ነው እንጂ ምን ፕላስቲክ አለው" አሉና፣ ትንሽ አስበው፣ "ይሁን፣ ዛፍ ሥር ይሁን" አሉ።

ለብ ያለ ውኃ በንጹሕ ጎድጓዳ ሳህን ቀዳሁ። ሳሙና አልጨመርኩም። ከመሀል ወደ ዳር፣ ከመሀል ወደ ዳር፣ በለስላሳ ጨርቅ እያሸሁ አጠብኩት። ክብ እየዞሩ ማሸት እንደማይገባ ሲዲ በምንጠቀምበት ዘመን የተማርኩት ነው። ውኃው የሻይ መልክ ያዘ። ሳህኑን ይዤ ወደ ታች ወረድኩ። ከሕንፃችን ጀርባ ጥሩ ዛፍ አለ፣ ነገር ግን ጎረቤቴ ውሻዋን ይዛ እዚያው ቆማለች፤ ውሻውም ሥሩን እያሸተተ ነው። ሰላምታ ተለዋውጠን፣ ሳህኔን እንደያዝኩ ስለ አየሩ አወራን። እስኪሄዱ ብጠብቅም ነገ መመለሳቸው አይቀርም። በመጨረሻ በአጥሩ በኩል ወዳለው እሾሃማ ቁጥቋጦ ሄድኩ። እዚያ ሰውም ውሻም አይገባም።

ሲዲው ደርቆ ሳየው አብረቀረቀ፤ ነገር ግን ፊቱ በቀጫጭን ጭረት ተሞልቷል። እምነት ሲያዩት ዱቄት ይመስላል እንጂ አሸዋ አለበት። አስገባሁት። ዞረ፣ ቆመ፣ ዞረ፣ ቆመ። ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ሲያደርግ ቆይቶ በመጨረሻ የእማማ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል፣ አንድ ፊደል ተሳስቶ፣ ማያው ላይ ወጣ።

ልጄ ከኮሌጅ ስትመለስ ድምፁን ከበር ሰማችው። ምንድን ነው የሚጮኸው አለች። ነገርኳት። እምነቱን ስነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም።

"ኢዝ እማማ ኦኬ?" ብላ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ከጎኔ ተቀመጠች።

ሁሉንም ፋይል ወደ ፍላሽ እንገልብጥ አለችኝ። ጀመረች። ሲቲ ስካን አንድ ፎቶ አይደለም፤ ደረትን እንደ ዳቦ ቆራርጦ በየቁራጩ ያነሣዋል። ቁራጮቹ አንድ በአንድ ሲያልፉ እናያለን። መሀል ላይ ሲደርስ ቆመ። ይህኛው አልነበብ ብሏል፣ ልዝለለው ወይስ እንደገና ልሞክር ብሎ ጠየቀ።

ልጄ ዝለለው ልትል ጣቷን ሰደደች። እጇን ያዝኩት።

"ምስሯ ያለችው እሱ ላይ ብትሆንስ?"

እጇን መለሰች። "ኦኬ። ዊ ዶንት ስኪፕ።"

አልዘለልንም። ቆመ፣ እንደገና አልነው፤ ቆመ፣ እንደገና አልነው። ሲሞቅ እናወጣዋለን፣ እናቀዘቅዘዋለን፣ በጨርቁ አበስ አድርገን እንመልሰዋለን። የላፕቶፑን ጀርባ ብነካው ትኩሳት እንደያዘው ሰው ግንባር ይፋጃል። ልጄ በመሀል ወጥታ ለብቻው የሚሸጠውን፣ በገመድ የሚሰካውን ከጓደኛዋ ተውሳ መጣች። እሱ ቀጭን ነው፣ ያምራል። ሲዲውን አንዴ አዙሮ አይቶ ተፋው። እንደገና ብናስገባውም ተፋው። ወደ አሮጌው መለስነው።

"ይሄኛው ስሎው ነው" አለች ልጄ፣ "ግን ስታበርን ነው። ላይክ ዩ።"

"ስታበርን ምን ማለት ነው?"

"ዩ ኖው ዋት ኢት ሚንስ።"

አውቀዋለሁ፤ ግትር ማለት ነው። እንዳላወቀ ሆኜ ዳዊቴን አነሣሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሳነብ እሷ ጎን ያስቀመጥኩትን የሕፃናት መዝሙር ሲዲ አንሥታ ሽፋኑን ታያለች። ትንሽ ቆይቶ ዜማው ተሰማኝ፤ በአፏ ሳይሆን በአፍንጫዋ ታዜመዋለች። ቃሉን ታስታውስ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት ታቆማለች።

ሳይመሽ አለቀ። አንድም ቁራጭ አልጎደለም። ነገር ግን አሮጌው ላፕቶፕ የሐኪም ቤቱን ገጽ መክፈት አይችልም፤ ለእሱ በጣም አርጅቷል። ፍላሹን ይዤ ወደ አዲሱ ሄድኩ። አዲሱ ፍላሽም አያስገባም። በሁለቱ ትንንሽ ቀዳዳዎች የሚገባ ፍላሽ ቤታችን የለም። ይህን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ፤ አማተብኩ። ልጄ ከቦርሳዋ ኪስ ጣት የምታህል መቀጠያ አውጥታ አንዱን በአንዱ ላይ ሰካችው። ፎቶዎቹ ሄዱ። ደርሶናል የሚል መልእክት መጣ። ከዚያ በኋላ ግን ከሐኪም ቤት ማንም አልደወለልኝም። ማክሰኞ ሥራ ላይ ስልኬን የሽርጤ ኪስ ውስጥ አድርጌ ዋልኩ። አንሶላ ስቆጥር ቁጥሩ እየጠፋኝ ሁለት ጊዜ መለስኩ።

ስለዚህ ረቡዕ ወደ መርፌው ሄድን። እማማ ነጭ ለብሰዋል። ነርሷ ጠዋት የበሉት ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀች።

"ጾም ነው በያት" አሉኝ። "ባትለኝም አልበላም።"

የሆስፒታሉን ቀሚስ ሊያለብሷቸው ሲያዘጋጁ ሐኪሟ መጣችና እንዲጠብቁ ነገረቻቸው። ወደ አንድ ትንሽ ክፍል ወሰደችን። ማያው ላይ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አለ። ግራው የአገር ቤቱ፣ ቀኙ የዚህኛው። በጣቷ ነካ አድርጋ ቁራጮቹን እያለፈች ወረደችና አንድ ቦታ ላይ ቆመች። በሁለቱም ላይ ነጭ ነጥብ አለች። ልጄ ልትዘለው የነበረው ቁራጭ እሱ ይሁን ሌላ አላውቅም፤ አልጠየቅኩምም። ሐኪሟ ሁለቱን ነጥቦች ለካቻቸው። መጠናቸው አንድ ነው። ያኔ የሳንባ ምቹ ትቶት የሄደው ጠባሳ ነው፣ መርፌ አያስፈልግም፣ ከዓመት በኋላ አንድ ጊዜ እናየዋለን አለች። ለሳሉ ሽሮፕ ጻፈችላቸው።

ተረጎምኩላቸው። እማማ "ተመስገን" አሉ፤ ድምፃቸው አልተነሣም። ከዚያ ወደ ማያው ጠጋ ብለው ግራውን ፎቶ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱ።

"ያኔ ወፈር ብዬ ነበር" አሉ።

ስንወጣ በሩ ጋ ቆሙ። እምነቱን እንድነግራት ፈለጉ፤ ሥዕሉን፣ ጠዋት ጠዋቱን፣ አባን፣ ዛፉን። ሐኪሟ እጇን የበሩ እጀታ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች፤ ሌላ በሽተኛ አለባት። እኔም በሲዲው ላይ ይጸልዩበት ነበር አልኳት። ሐኪሟ ፈገግ ብላ ትከሻቸውን ነካች።

እማማ ሊፍቱ ውስጥ ዘወር ብለው አዩኝ።

"ያ ሁሉ በዚያች ቃል ገባ?"

"እንግሊዝኛ አጭር ነው፣ እማማ።"

"አንቺ ነሽ እንጂ አጭሯ" አሉኝ። ያን ቀን መጀመሪያ የሳቁት ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲዲ ማስገቢያ ያለው ኮምፒውተር ልግዛ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው አለኝ። የማኅበራችን ሴቶች ይጠይቁኛል፤ ነገሩን ሰምተዋል። አይግዙ እላቸዋለሁ። በየኮምፒውተሩ ውስጥ ይኑር ማለት በየቤቱ ድንኳን ይኑር እንደማለት ነው። አገር ቤት ድንኳንና ትልቁ ብረት ድስት የእድሩ ናቸው። ሐዘን እስኪመጣ ማንም አያስታውሳቸውም፣ በየቤቱ ይቀመጡ ቢባልም ቦታ አይበቃም። ግን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ማን ቤት እንዳሉ ያውቃል። ሲዲ ማስገቢያም እንደዚያ ነው። አንድ ሰው ቤት ይኑር፤ የሚሠራ መሆኑ አልፎ አልፎ ይታይ፤ የት እንዳለ ይታወቅ። እኛ ጋ ያለው እኔ አልጋ ሥር ነው። አንዷ የሠርጓን አምጥታ ገልብጠናል፤ ሌላዋ የአባቷን ተዝካር። የልጄን የሕፃናት መዝሙርም ገልብጠነዋል፤ ያ ግን የማንም ጥያቄ አይደለም፣ እሷው ናት ያደረገችው።

የእማማን ሲዲ ወዲያው አልመለስኩም ነበር። ፎቶው ሐኪም ቤት ስለገባ ቸኩለው ይፈልጉታል ብዬ አላሰብኩም። በሰሙነ ሕማማት ደወሉልኝ። ከሰላምታ በኋላ ስለ ስግደቱ፣ ስለ ጉልበታቸው አወራን። ልዘጋ ስል፣ "ልጄ፣ ደረቴን መቼ ነው የምትመልሺልኝ?" አሉኝ።

ከላፕቶፑ አወጣሁት። ጠንካራ የፕላስቲክ ሳጥን ፈልጌ ከተትኩትና ፋሲካ ሲውል ከነጭ ጨርቁ ጋር ይዤላቸው ሄድኩ። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ሳጥኑን አገላብጠው አዩት፣ ከፍተው ወደ ሲዲው ተመለከቱ፣ መልሰው ዘጉት። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ከሥዕለ አድኅኖው ጀርባ ሊያስቀምጡት ሲሉ እጃቸው ቆመ።

"አሁንስ ልቀባው እችላለሁ?"

"ሳጥኑን ይቀቡት፣ እማማ።"

አሰቡበት። "እሺ፣ ሳጥኑን" አሉና አስገቡት፤ መጋረጃውን ለቀቁት። ከዚያ እምነት የነካውን ነጭ ጨርቅ አጥፈው አጥፈው ትራሳቸው ሥር አደረጉት።